ከወንበር መነሳት ምን ይናገራል?

አረጋዊ እናት ወይም አባት ወድቀው ሲሰበሩ ቤተሰቡ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ»፣ ወይም «ድንገት አዳለጣቸው»። ብዙ ጊዜ ግን ሰውነታቸው አስቀድሞ ሲያስታውቅ ቆይቷል። ከወንበር ሲነሱ እጃቸው መደገፊያ መፈለግ ጀምሯል። ሲዞሩ ትንንሽ እርምጃ ያበዛሉ። መንገድ ላይ እየሄዱ መጫወት ትተው ለመናገር ቆም ይላሉ። እነዚህን ምልክቶች በሰዓትና በቁጥር መለካት ይቻላል፤ ለዚያም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 684 ሺህ ያህል ሰዎች በመውደቅ አደጋ ይሞታሉ። ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ሞት የሚደርሰው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በአሜሪካ 65 ዓመት ከሞላቸው 4 ሰዎች ቢያንስ 1ዱ በዓመት ውስጥ ይወድቃል፤ ለሐኪማቸው የሚናገሩት ግን ከወደቁት ከግማሽ ያንሳሉ። ይህ ዝምታ ለእኛም ቤት እንግዳ አይደለም። «ወደቅሁ» ካሉ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ለቅሶ ቤት «ከእንግዲህ ብቻዎን አይሂዱ» እንዳይባሉ የሚሰጉ ብዙ ናቸው። አንዴ የወደቀ ሰው ዳግም የመውደቅ ዕድሉ እጥፍ ስለሚሆን ግን ይህን መደበቅ አደገኛ ነው። ስለዚህ ምርመራው የሚጀምረው ወቀሳ በሌለባቸው 3 ጥያቄዎች ነው፦ ባለፈው አንድ ዓመት ወድቀው ነበር? ሲቆሙ ወይም ሲራመዱ ይንገዳገዳሉ? እወድቃለሁ ብለው ይሰጋሉ? ለአንዱም ቢሆን መልሱ «አዎ» ከሆነ ወደ አካላዊ ፈተናው ይታለፋል።

ከፈተናዎቹ ሁሉ በሰፊው የሚታወቀው ተነስቶ የመሄድ ፈተና ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. ማትያስ፣ ናያክ እና አይዛክስ የተባሉ ተመራማሪዎች ሲያቀርቡት ውጤቱን የሚሰጠው የተመልካቹ ዓይን ነበር፤ በ1991 ፖድሲያድሎ እና ሪቻርድሰን ሰዓት ጨመሩበት። አረጋዊው የዘወትር ጫማቸውን አድርገው፣ ከዘራ የሚይዙ ከሆነም ከዘራቸውን ይዘው፣ መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። 3 ሜትር ርቀት ላይ መሬቱ ይሰመራል። «ይነሱ» ሲባሉ ተነስተው በተለመደው አካሄዳቸው እስከ መስመሩ ይሄዳሉ፣ ይዞራሉ፣ ተመልሰው ይቀመጣሉ። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከወሰደባቸው የመውደቅ ሥጋታቸው ከፍ ያለ ነው ተብሎ ይታሰባል።

እኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ መንገዱን እንድትመለከቱ እመክራለሁ። በዚህች አጭር ጉዞ ውስጥ የጭን ጉልበት፣ ሚዛን፣ ዓይን፣ መመሪያን ማስታወስና ድፍረት ሁሉም ይፈተናሉ። ክንድ ሳይወዛወዝ ከደረት ተጣብቆ ይቀራል? እግር ከመሬት ይነሳል ወይስ ይጎተታል? ሲዞሩ ግድግዳ ይዳስሳሉ? ሲቀመጡ ቀስ ብለው ነው ወይስ ዘጭ ብለው? ሁለት ሰዎች እኩል 13 ሰከንድ ሊፈጅባቸው ይችላል፤ አንዱን ያዘገየው የጉልበት ሕመም፣ ሌላውን ፍርሃት ሊሆን ይችላል። ሕክምናቸውም አንድ አይሆንም።

የእግርን ጉልበት ለብቻው ለማየት ደግሞ የ30 ሰከንድ የመነሳትና የመቀመጥ ፈተና አለ። ወንበሩ የእጅ መደገፊያ የሌለው፣ ከመሬት 43 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ መሆን አለበት፤ በዱካ ላይ መለካት ውጤቱን ያዛባል፤ ከዝቅታ መነሳት ለጎልማሳም ይከብዳልና። እጅ በደረት ላይ ተጣምሮ ምን ያህል ጊዜ ቀጥ ብለው እንደቆሙ ይቆጠራል። ለመነሳት እጃቸውን ከተጠቀሙ ውጤቱ 0 ነው። ከ70 እስከ 74 ዓመት ያለች ሴት ከ10 በታች፣ በዚያው ዕድሜ ያለ ወንድ ከ12 በታች ከሆነ ከአማካይ ያነሰ ነው።

ሚዛን የሚፈተነው በአቋቋም ነው። መጀመሪያ እግርን ጎን ለጎን ገጥሞ፣ ቀጥሎ አንዱን እግር በከፊል አስቀድሞ፣ ከዚያ የአንዱን ተረከዝ ከሌላው ጣቶች ፊት አድርጎ፣ በመጨረሻ በአንድ እግር፤ እያንዳንዱ ለ10 ሰከንድ። ሦስተኛውን አቋቋም 10 ሰከንድ መያዝ ያልቻለ ሰው ሥጋት አለበት። በቤት ውስጥ ይህን የሚሞክር ቤተሰብ ከአረጋዊው ጎን ተጠግቶ ይቁም፤ ለመያዝ የተዘጋጀ እጅ ሳይኖር በፍጹም አይሞከርም።

አንድ የሚዘነጋ ልኬት ልጨምር። አረጋዊው 5 ደቂቃ ተኝተው የደም ግፊታቸው ይለካል፤ ከዚያ ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይደገማል። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ፣ ሌሊት ከአልጋ ሲነሱ የሚያዞራቸው ምን እንደሆነ ፍንጭ ይሰጣል። ምክንያቱ የሚወስዱት መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ እሱን የሚያስተካክለው ግን ሐኪማቸው እንጂ ቤተሰቡ አይደለም።

ከእነዚህ ፈተናዎች አንዱም ለብቻው ማን እንደሚወድቅ አይተነብይም። በ9 ሰከንድ ሄደው የተመለሱ እናት የዓይን ሞራ ካለባቸው፣ የእንቅልፍ ክኒን ከወሰዱ ወይም ሽንት ቤቱ ከጨለማ ግቢ ባሻገር ከሆነ ሊወድቁ ይችላሉ። የፈተናው ዋጋ ቀጥሎ የሚሠራውን ሥራ ማሳየቱ ነው። ሜሪ ቲኔቲና ባልደረቦቿ በአሜሪካ፣ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 301 ሰዎችን ተከታትለው በ1994 ያወጡት ጥናት ይህን ያሳያል። መድኃኒታቸው ተመርምሮ እንደ ድክመታቸው እንቅስቃሴና ምክር ከተሰጣቸው መካከል በዓመቱ የወደቁት 35 በመቶ ሲሆኑ፣ የተለመደውን እንክብካቤና የማኅበራዊ ጉብኝት ካገኙት 47 በመቶ ወድቀዋል።

ልዩነቱን ያመጣው ውስብስብ ነገር አልነበረም። እግሩ የደከመ የእግር ማጠናከሪያ፣ ሚዛኑ የጎደለ የሚዛን ልምምድ ያስፈልገዋል። ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፎ፣ ሰው ከጎን ቆሞ፣ ደጋግሞ መነሳትና መቀመጥ ራሱ ሕክምና ነው፤ መጀመሪያ በእጅ እየተደገፉ፣ እየቆየ ያለ እጅ። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ፈተና በዚያው ወንበር ሲደገም አረጋዊው የራሳቸውን ለውጥ በቁጥር ያያሉ፤ ለቀጣዩ ልምምድም ልምምዱን የሚያወጣላቸው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚነሳው ከዚያ ቁጥር ነው።