የሻገተ ማሽላና የጉበት ካንሰር

በመተማና በአካባቢው ቆላ ማሽላ ተወቅቶ ከተከተተ በኋላ እርጥበት የነካው ጆንያ ሲከፈት፣ የሻገተው ፍሬ ተለይቶ ለዶሮና ለፍየል ይሰጣል። ለሰው ያልሆነ ለእንስሳ ይሆናል የሚለው ይህ ልማድ በደጋውም የታወቀ ነው። ውድ አንባቢያን፣ የፊዚክስ መምህራን ስለ ጉበት መጻፋችን ሊያስገርማችሁ ይችላል፤ ነገር ግን ጉዳዩ ወደ ብርሃን ጥናት የሚያደርስ በመሆኑ በጥቂቱ እንመረምረዋለን።

እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። የእንስሳት ሐኪሞች ሬሳቸውን ሲመረምሩ ጉበታቸው ደም ፈስሶበትና ሕዋሳቱ ሞተው አገኙት። ተላላፊ በሽታ ነው ተብሎ ቢጠረጠርም ጀርም አልተገኘም። በመጨረሻ ምክንያቱ ከብራዚል የመጣ የለውዝ ፋጉሎ ሆነ፤ በፋጉሎው ላይ አስፐርጂለስ ፍላቨስ የተባለ ሻጋታ በቅሎበት ነበር። መርዙም ከሻጋታው ስም ተወስዶ አፍላቶክሲን ተባለ። በዚያው ዘመን በአሜሪካ የማርቢያ ገንዳዎች ትራውት የተባሉ ዓሦች በጉበት ካንሰር ሲጠቁ ተስተዋለ፤ ተጠያቂው የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ነበር። መተማም የጥጥ አገር መሆኗን ልብ ይሏል።

መርዙ የተለየው በብርሃን ነው። 365 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት አንዱ ዓይነት ሰማያዊ፣ ሌላው አረንጓዴ ያበራል፤ ቢ እና ጂ የሚባሉትም በእነዚህ ቀለማት የእንግሊዝኛ ስም የመጀመሪያ ፊደል ነው። የአልትራቫዮሌቱ ፎቶን ጉልበት 3.4 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ሲሆን፣ በ425 ናኖ ሜትር ገደማ የሚወጣው ሰማያዊ ብርሃን 2.9 ያህል ብቻ ይይዛል። ቀሪው በሞለኪዩሉ ንዝረት ወደ ሙቀት ይለወጣል። በክፍል የምናስተምረው የፍሎረሰንስ ሕግ እንግዲህ የዶሮዎቹን ገዳይ አጋለጠ ማለት ነው። ሆኖም በመብራት ሥር በእህል ላይ የሚታየው ደማቅ አረንጓዴ ቢጫ ቀለም የሻጋታው ሌላ ውጤት እንጂ መርዙ ራሱ አይደለም፤ በመሆኑም የመብራት ፍተሻ ለጥርጣሬ እንጂ ለፍርድ አይበቃም።

አፍላቶክሲን ቢ1 ራሱ ካንሰር አያመጣም። የጉበት ኤንዛይሞች መርዙን ሊያስወግዱ ሲሞክሩ ከዲኤንኤ ጋር የሚጣበቅ ንጥረ ነገር ያደርጉታል። በዚህ ጊዜ ግሉታታዮን የተባለው ውሕድ ፈጥኖ ከያዘው መርዙ ከሰውነት ይወጣል። የቤት አይጥና ትልቁ አይጥ ዘመዳሞች ሆነው ሳሉ የመጀመሪያው በቀላሉ የማይታመመው፣ ሁለተኛው ግን በካንሰር የሚሞተው ይህን ማያያዣ ኤንዛይም በብቃት የመያዝና ያለመያዝ ልዩነት ስላላቸው ነው። ውሻም ተጋላጭ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ማብቂያ በአሜሪካ በተበከለ የበቆሎ መኖ ምክንያት ከ100 በላይ ውሾች ሞተዋል። የታመሙትም ማስመለስና የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ እንዲሁም በእኛ አገር «የወፍ በሽታ» የምንለው የዓይን ቢጫነት ታይቶባቸዋል።

የእንስሳው ሕመም በእንስሳው ላይ አይቆምም። ላም የበላችው ቢ1 በከፊል ኤም1 ሆኖ ወደ ወተት ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት በአዲስ አበባና አካባቢዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች መካከል በሊትር ከ0.05 ማይክሮ ግራም ያልበለጡት 9 ብቻ ነበሩ፤ 29ኙ ደግሞ 0.5 ማይክሮ ግራም አልፈዋል። ዋነኛው ምንጭ የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኝቷል። በጉበት ቫይረስ ቢ የተያዘ ሰው አፍላቶክሲን ሲጨመርበት የካንሰር አደጋው በብዙ እጥፍ እንደሚያድግ ስናስብ፣ ነገሩ ለዶሮ ብቻ የምንተወው አይሆንም።

እንግዲህ የመተማ ገበሬ ምን ያድርግ? ማሸትም ሆነ እንጀራ መጋገር አይበቃም፤ ሞለኪዩሉ የሚፈርሰው ከ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። ሻጋታውም ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይመቸዋል፤ ቆላው ሙቀቱን ይሰጠዋል፣ የሚጎድለው እርጥበት ብቻ ነው። ስለዚህ ከመከተት በፊት እርጥበቱን ከመቶ 13 እጅ በታች ማድረግ፣ ጆንያውንም ከወለል ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ማኖር ያስፈልጋል። መለኪያ የሌለው ደረቅ ጨውና እህል በደረቅ ብርጭቆ ጠርሙስ አድርጎ ይነቅንቅ። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከመቶ 15 እጅ በላይ ነው፤ ማሽላው ወደ ፀሐይ ይመለስ።