ስሊሙ ለምን ቀጠነ?

አዲስ አበባ፣ ጌጃ ሰፈር ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት ስላለኝ፣ ዕቃ ለመግዛት ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ የሚያማክረው እኔን ነው። ለልጁ ስጦታ የሚፈልግ አባት ይመጣል። አሜሪካ ያለች እህቱ «ምን ልላክልህ?» ያለችው ጎረምሳ ይመጣል። የራሱን ቤት ሊከፍት አስቦ ጨዋታ እያስመሰለ ሚስጥሬን የሚያወጣጣኝም አይጠፋም። ዙሪያ ጥምጥሙ ይብዛ እንጂ ጥያቄው አንድ ነው፤ «እትዬ፣ ፋቱ ይሻላል ስሊሙ?»

ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። ቀጭኑ ያምራል፣ ወፍራሙ ይበረታል ብሎ ደምድሟል። ነገሩ ግን የመልክም የጉልበትም አይደለም። የሙቀት ነው።

መሐንዲስ አይደለሁም። የማውቀውን ያወቅሁት ማሽኑ ጠዋት ተከፍቶ ማታ እስኪዘጋ አጠገቡ ስለምውል ነው፤ የመብራቱን ሒሳብም የምከፍለው እኔው ነኝ። ሲበላሽ ደግሞ ተግባረ ዕድ ኤሌክትሮኒክስ የተማረው የእህቴ ልጅ መጥቶ ይፈታዋል፤ እሱ ብሎን በፈታ ቁጥር ካላስተማረ አይሆንለትም፣ እኔም ሻይ እያቀረብኩ እሰማለሁ። እዚህ የማወራው ሶኒ ስለሚሠራው ፕሌይስቴሽን፣ በአጭሩ ፒኤስ ስለሚባለው ነው፤ እኔ ቤት ኤክስቦክስ ገብቶ አያውቅም። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ሶኒ አንድ የለመደው አካሄድ አለው። አዲስ ማሽን መጀመሪያ ወፍራም ሆኖ ይወጣል፤ ሦስት አራት ዓመት ቆይቶ ያው ማሽን ቀጥኖ ይመጣል። ፒኤስ 2 በ2000 ወጥቶ ስሊሙ በ2004 ተከተለ። ፒኤስ 3 በ2006 ወጣ፣ ስሊሙ በ2009። ፒኤስ 4 በ2013፣ ስሊሙ በ2016። ፒኤስ 5 በ2020፣ ቀጭኑ በ2023።

የሚቀጥነው ከውስጥ ነው። የማሽኑ አንጎል አንድ ቺፕ ሲሆን፣ በላዩ ላይ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ማብሪያ ማጥፊያዎች ታትመውበታል። የእነዚህ መጠን የሚለካው በናኖሜትር ነው፤ አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ፋብሪካዎቹ ዓመት በዓመት ይበልጥ አሳንሰው ማተም ይማራሉ። ያው ቺፕ ሲያንስ የሚፈልገው መብራት ይቀንሳል። መብራቱ ሲቀንስ ሙቀቱ ይቀንሳል። ሙቀቱ ሲቀንስ ትልቁ ፋንና ሙቀት የሚስበው ብረት ማነስ ይችላሉ፣ መብራት የሚመጥነው ክፍልም እንዲሁ። ሽፋኑ የሚጠበው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የፒኤስ 4 ቺፕ መጀመሪያ 28 ናኖሜትር ነበር፤ በስሊሙ 16 ሆነ። የመጀመሪያው ማሽን ሊወስድ የሚችለው ከፍተኛ መብራት 250 ዋት ነበር፤ የስሊሙ 165 ነው። ክብደቱም ከ2.8 ኪሎ ወደ 2.1 ወረደ። በጨዋታ ጊዜ የሚወስዱት ከዚህ ያነሰ ነው። ልዩነቱን 50 ዋት ብቻ ነው ብለን እንያዘው፤ በቀን 10 ሰዓት የሚሠራ አንድ ማሽን በወር 15 ኪሎዋት ሰዓት ያተርፋል። ቤት ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚጫወት ሰው ይህ ምንም አይደለም። ብዙ ማሽን ደርድሮ ለሚያድር ሰው ግን የወሩ ሒሳብ ላይ ይታያል።

«ስሊሙ ፈጣን ነው» የሚላችሁን ነጋዴ ግን አትመኑት። የፒኤስ 4 ፋትና ስሊም የሚያጫውቱት ጨዋታ ያው ነው፣ ሥዕሉም ያው፣ ጉልበቱም ያው። ጉልበቱ የጨመረው ፕሮ የሚባለው ነው፤ እሱ ሌላ ዕቃ ነው፣ ዋጋውም ሌላ።

የኛን ከተማ የሚመለከተው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ሰው አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ናት፣ ማሽን አይሞቅባትም ይላል። ግማሽ እውነት ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች፣ አየሯ በባሕር ጠረፍ ካለው አየር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ፋን ደግሞ የሚያቀዘቅዘው አየር እየገፋ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ በእያንዳንዱ ዙር ጠርጎ የሚያወጣው ሙቀትም ያንሳል። ፋኑ ይህን ለማካካስ ቶሎ ቶሎ መዞር አለበት፣ ያኔ ነው የሚጮኸው። በዚህ ላይ ጣሪያዬ ቆርቆሮ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ከቀትር በኋላ ልጆቹ ራሳቸው ላብ በላብ ሆነው ነው የሚጫወቱት። በልደታና በአብነት ዙሪያ በየአቅጣጫው ሲፈርስና ሲገነባ የሚነሳውን አቧራ ጨምሩበት። ጃፓን ውስጥ ለንጹሕ ሳሎን የታሰበ ማሽን የሚኖረው በዚህ ሁኔታ ነው። ስለዚህ እኔ ስለ ስሊም ስጠየቅ መጀመሪያ የማስበው መብራት ስንት ይወስዳል፣ ምን ያህልስ ይሞቃል የሚለውን ነው።

ወደዚህ ሥራ ያስገባኝ ፒኤስ 2 ነው። በዓለም ላይ ከ160 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፤ እስከ ዛሬ ይህን ያህል የተሸጠ የቤት ውስጥ መጫወቻ ማሽን የለም። ፋቱ 7.8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ነበረው፣ ስሊሙ 2.8 ብቻ። ከ2 ኪሎ በላይ የነበረው ወደ 900 ግራም ወረደ። ሰው ሁሉ ተገረመ። እውነቱን ለመናገር ግን ያኛው ስሊም ትንሽ አጭበርብሯል፤ ከቀጠነበት ምክንያት አንዱ መብራት የሚመጥነውን ክፍል አውጥቶ በአዳፕተር መልክ ሽቦው ላይ ማንጠልጠሉ ነው። ለእኛ ግን ጠቀመን። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በኃይል ስለሚመጣ፣ የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ አዳፕተሩ ነበር፤ እሱን መቀየር ሙሉ ማሽን ከመፍታት ይቀላል። ሲዲውም በመሳቢያ መግባቱ ቀርቶ ክዳኑን ከላይ ከፍተው የሚያስቀምጡት ሆነ። መሳቢያ በጉልበት የሚገፋ ልጅ ያለበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሌንሱንም ሳይፈቱ በጥጥ መጥረግ ይቻላል። ስሊሙ የኢንተርኔት ገመድ መሰኪያ ጨምሮ የሃርድ ዲስክ ቦታውን አስቀረ። የኢንተርኔቱ መሰኪያ እኔ ቤት አቧራ ከመሰብሰብ በቀር የሠራው ሥራ የለም። የምንጫወትባቸው ሲዲዎችም ያኔ ከመርካቶ የሚመጡ ቅጂዎች ነበሩ፤ የማያውቅ የለምና መደበቁ አያስፈልግም። ማሽኑ መመረቱ ያበቃው 2013 መጀመሪያ ላይ ነው፤ ቢሆንም በዚያው ዓመት የወጣው ፊፋ 14 ለእሱም ተሠርቶለታል።

ፒኤስ 3 ስሊም ለኪስ የመጣ ነበር። ባለ 60 ጊጋባይቱ ፋት አሜሪካ ውስጥ በ599 ዶላር ነው የጀመረው፤ ስሊሙ በ299 ወጣ። 5 ኪሎ የነበረው ወደ 3.2 ኪሎ ወረደ፣ የመብራት ፍጆታውም በ34 በመቶ ቀነሰ። የኮምፒውተር ዓይነት ወፍራሙ ባለ ሦስት ጫፍ ገመድ ቀርቶ ቴፕና ሬዲዮ ላይ በምናውቀው ቀጭን ገመድ ተተካ፤ ሲጠፋ ከየትም ሱቅ ይገኛል። ያስቀረውም አለ። ፋቱ ላይ ሊኑክስ መጫን ይፈቀድ ነበር፤ የአሜሪካ አየር ኃይል የምርምር ክፍል በ2010 1,760 ፒኤስ 3 ገጣጥሞ ትልቅ የስሌት ማሽን የሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ስሊሙ ከዚህ ፈቃድ ውጭ ሆኖ ተሸጠ። ጌጃ ሰፈር ውስጥ ለዚህ ያዘነ ሰው አላየሁም። በ2012 ሱፐር ስሊም የሚባል መጣ፤ ክዳኑ በእጅ እየተንሸራተተ የሚከፈት። እጄ ላይ ሁልጊዜ ርካሽ ዕቃ ሆኖ ነው የሚሰማኝ፣ አልወደድኩትም።

አሁን ቤቴን የያዘው ፒኤስ 4 ስሊም ነው። የእህቴ ልጅ የሚያመሰግነው ሃርድ ዲስኩን ነው፤ ከኋላ ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን አንስቶ፣ ጥቂት ብሎን ፈትቶ፣ የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ይቀይርበታል። ፋብሪካው 500 ጊጋባይት ይዞ ነው የላከው፤ ዛሬ ጥቂት ጨዋታ ሲጫንበት ይሞላል። ስሊሙ ዋይፋዩን ባለ 5 ጊጋኸርዝ አድርጎ፣ በብርሃን ገመድ ድምፅ የሚያወጣውን መሰኪያ አስቀርቷል። ትልቅ ስፒከር ያለው ሰው ይቆጨው ይሆናል፤ እኔ ቤት ከቴሌቪዥኑ ድምፅ ይልቅ የልጆቹ ጩኸት ስለሚበልጥ ማንም አላስተዋለም። ተሸናፊ ከፋይ በሆነበት ቤት ጸጥታ አይጠበቅም።

ጨዋታው እንዳይቋረጥ የሚሰጉም አሉ። ልጆቹ አሁንም ፊፋ የሚሉት ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 25 በ2024 ሲወጣ ለፒኤስ 4ም ወጥቷል፤ ከአሥር ዓመት በላይ ለቆየ ማሽን ይህ ትልቅ ዕድሜ ነው።

ፒኤስ 5 ስሊምን በተመለከተ አንደበቴ ይለወጣል። መጠኑ በ30 በመቶ ቀንሷል፣ ባለ ዲስኩ ከ4.5 ኪሎ ወደ 3.2 ወርዷል፣ ማከማቻው ከ825 ጊጋባይት ወደ 1 ቴራባይት አድጓል። ጥሩ ነው። ግን ቺፑ ያነሰው ከስሊሙ በፊት፣ በ2022 በወጣው ፋት ላይ ስለነበር ስሊሙ በመብራት በኩል የረባ ለውጥ አላመጣም። ሲወጣ ዋጋውም አልቀነሰም፤ ባለ ዲስኩ በዚያው በ499.99 ዶላር ሲቀጥል፣ ዲስክ የሌለው እንዲያውም ከ399.99 ወደ 449.99 ወጣ። ማቆሚያውም ያኔ ለብቻው በ29.99 ዶላር ይሸጥ ነበር። የድሮዎቹ ስሊሞች ሲቀጥኑ መብራትና ኪስ ያሳርፉ ነበር፤ ይኼኛው ያሳረፈው መደርደሪያውን ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ዶላሩ ላይ የምትጨመር እያንዳንዷ ቁጥር እኛ ጋ ስትደርስ ከባድ ናት።

ዲስክ የሌለውን በተመለከተ ለብቻው ልናገር፣ ብዙ ሰው ከውጭ ሲላክለት የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ያ ማሽን ጨዋታ የሚያገኘው ከኢንተርኔት ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ የሶኒ ፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። የሌላ አገር አካውንት፣ የሌላ አገር ካርድ፣ ከዚያ በአሥር ጊጋባይቶች የሚቆጠር ዳውንሎድ ሊኖርባችሁ ነው። ሲወጣ 79.99 ዶላር የነበረው የዲስክ ማጫወቻ ለብቻው ተገዝቶ ይገጠማል፤ መጀመሪያ ሲገጠም ግን ማሽኑ አንድ ጊዜ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት ግድ ይለዋል። ዲስክ በእጅ ይያዛል፣ ይዋሳል፣ ሲሰለች ይሸጣል። እኛ ሰፈር ጨዋታ የሚዞረው እንደዚያ ነው።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ማሽኑን ገልብጣችሁ ጽሑፉን አንብቡ፤ ከ100 እስከ 240 ወይም ከ220 እስከ 240 ቮልት የሚል ካልተጻፈበት የኛን 220 ቮልት መቻሉን እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ሻጩ ፊት አንድ ሙሉ ጨዋታ ተጫወቱ፣ አምስት ደቂቃ በቂ አይደለም፣ ሙቀቱ የሚታወቀው ቆይቶ ነው። ጆይስቲኩን ሳትነኩት ተጫዋቹ ራሱ የሚራመድ ከሆነ ዋጋ አስቀንሱበት። ዲስኩን አስገብታችሁ አስወጡ። ስታብላይዘር ደግሞ ከማሽኑ ጋር አብራችሁ ግዙ፣ ነገ እገዛለሁ ያለ ሁሉ ለእህቴ ልጅ ሥራ ፈጥሮለታል። ቁም ሳጥን ውስጥ አትሸጉጡት፣ ኋላውን ከግድግዳው አርቁት፣ ሲቆይ ደግሞ አቧራውን የሚያራግፍላችሁ ሰው ፈልጉ፤ በእኔ ቤት እንዳየሁት የስሊሙ ቀዳዳዎች ጠባብ ስለሆኑ አቧራ ቶሎ ይደፍናቸዋል።

ለሥራ ከሆነ ፒኤስ 4 ስሊም ግዙ፣ እስካሁን የሚበልጠው አላገኘሁም። ለቤት ከሆነና አቅሙ ካላችሁ ፒኤስ 5 ስሊም ይሁን፣ ባለ ዲስኩ። አሜሪካ ላለችው እህትህም «ስሊም» ብለህ ብቻ አትጻፍላት፤ «ባለ ዲስክ» የሚለውን ቀድመህ ጻፍ።