መሄጃው 17፣ መመለሻው 13፦ የቦሌና የዋሽንግተን ሒሳብ

«ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» አሜሪካ ልጅ ያላቸው እናቶች ሻንጣ ሲያዘጋጁ ደጋግመው የሚጠይቁት ነገር ነው። መልሱ ደግሞ ቲኬቱ ላይ በቀጥታ አይገኝም።

ምሳሌ እንውሰድ። በክረምት ወር ቲኬቱ ከቦሌ መነሻ 22:00፣ ዋሽንግተን ደለስ መድረሻ 08:00 ይላል እንበል። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ተነስቶ ከጠዋቱ 2 ሰዓት መድረስ ማለት ነው። ላየው ሰው 10 ሰዓት ይመስላል። ግን መነሻው የተጻፈው በአዲስ አበባ ሰዓት፣ መድረሻው በዋሽንግተን ሰዓት ነው። በዚያ ወቅት እኛ 7 ሰዓት እንቀድማለን (በበጋ ወራት 8 ይሆናል)። ስለዚህ ጉዞው 17 ሰዓት ነው። በመመለሻ ግን ተቃራኒው ነው፤ ቲኬቱ ላይ 20 ሰዓት መስሎ የሚታየው በረራ እውነተኛ ቆይታው 13 ሰዓት ገደማ ነው።

ታዲያ መንገዱ አንድ ሆኖ ሳለ የ4 ሰዓቱ ልዩነት ከየት መጣ?

በሁለቱ ኤርፖርቶች መካከል ያለው ቀጥታ ርቀት 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላን በሰዓት ወደ 900 ኪሎ ሜትር ስለሚበር 13 ሰዓት ቢፈጅበት አይገርምም። ችግሩ ያለው መነሻው ላይ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ደለስ ግን 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። እኛ ጋ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፣ ክንፉም አውሮፕላኑን ለማንሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ስለዚህ ሙሉ ነዳጅ፣ ሙሉ ሰውና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት አይቻልም። በዚያ ላይ ወደ ምዕራብ ሲኬድ ነፋሱ ከፊት ይመጣል።

እዚህ ጋ ነው ኢኮኖሚክስ የሚገባው። አየር መንገዱ ሁለት ምርጫ አለው፦ ወንበርና ጭነት ቀንሶ በአንድ ትንፋሽ መብረር፣ ወይም ሁሉንም ጭኖ መንገድ ላይ ነዳጅ መቅዳት። ሁለተኛውን መርጧል፤ ለዓመታትም ደብሊን ላይ ሲያርፍ ኖሯል። ደብሊን ከቀጥታው መስመር ብዙም አትርቅም፤ በእሷ በኩል መሄድ ርቀቱን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ አይጨምርም። ሰዓቱን የሚበላው ማረፉ፣ መቅዳቱ፣ እንደገና መነሳቱና ነፋሱ ነው።

እኔ ምርጫው ትክክል ነው ባይ ነኝ። ባዶ ወንበር ይዞ የሚበር አውሮፕላን ወጪውን የሚያካክሰው በተቀመጡት ሰዎች ቲኬት ነው። ግን ዋጋውን ማን እንደሚከፍል አንርሳ። የ70 ዓመት እናት ያበጠ እግራቸውን ይዘው ተጨማሪ ሰዓታት ይቀመጣሉ። ቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው አዲሱ ኤርፖርት ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ መሆኑ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ሜትር ዝቅታ ተጨማሪ ኪሎ ጭነት ነው።

እስከዚያው ወላጅ የምትልኩ ሰዎች ሁለት ነገር አድርጉ። ቲኬቱን ስትገዙ አውሮፕላኑ የት እንደሚያርፍና ተሳፋሪ ይወርድ እንደሆነ ጠይቁ። ከዚያ ለእናታችሁ በአማርኛ በወረቀት ጻፉላቸው፦ «መጀመሪያ ሲያርፍ አልደረሱም፤ ከመነሳትዎ በፊት አስተናጋጇን ይጠይቁ።»