ተጨማሪ መረጃ፦ የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና የመጀመሪያ ወራት

በኢትዮጵያ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በየሆስፒታሉ የተደረጉ ጥናቶች አንድ ነገር ደጋግመው አሳይተዋል፤ ሕክምና ላይ ባሉ አዋቂዎች ዘንድ ሞት የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ከዚያ በኋላ ትልቁ ጉዳይ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ መውሰድ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን ወራት ሞት አይቶ «የገደለው መድኃኒቱ ነው» የሚል አለ። ነገር ግን ቶሎ የሚሞቱት በአብዛኛው ሲዲ4 የተባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ቁጥር ከ200 ወርዶባቸው፣ በቲቢ ተይዘው፣ ክብደታቸው ቀንሶና ደም አንሷቸው የመጡት ናቸው። መድኃኒቱ የቫይረሱን መራባት ቢገታም የተዳከመው የመከላከል አቅም እስኪያገግም ወራት ይፈጃል፤ ቲቢና በፈንገስ የሚመጣ ማጅራት ገትር ደግሞ ጊዜ አይሰጡም።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ሪያሊቲ የተባለ ጥናት በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በማላዊና በዚምባብዌ ሲዲ4 ቁጥራቸው ከ100 በታች የሆነ 1,805 ሕሙማንን ተከታትሏል። መድኃኒቱን ሁሉም ጀመሩ፤ ለግማሾቹ ቲቢን፣ ፈንገስንና ሌሎች ኢንፌክሽኖችን የሚከላከሉ ክኒኖች ወዲያው ተጨመሩላቸው። በ24 ሳምንት ውስጥ ከመደበኛው ቡድን 12.2 በመቶ፣ ክኒን ከተጨመረላቸው ግን 8.9 በመቶ ሞቱ። ዛሬ ሁሉም እንደተመረመረ መድኃኒት ስለሚጀምር ሲዲ4 መቁጠር ቀርቷል የሚሉ አሉ፤ ሆኖም ዘግይቶ የሚመጣ ሕመምተኛ እስካለ ድረስ ተጨማሪው መከላከያ ለማን እንደሚያስፈልግ የሚለየው ይኸው ቆጠራ ነው።