ከሰርቦ ሆኖ ስፔሻሊቲ መምረጥ

ሰርቦ ከጅማ በአዲስ አበባው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ምጥ የጠናባት እናት ቀዶ ሕክምና ካስፈለጋት አምቡላንሱ ወደ ጅማ ይከንፋል። በሌሊት የሚቀበላት ሐኪም ብዙውን ጊዜ ሬዚደንት ነው፤ ጠቅላላ ሐኪም ሆኖ ቆይቶ አሁን ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥን። ሥልጠናው እንደየዘርፉ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይወስዳል።

በአገራችን አመልካቹ በጤና ሚኒስቴር በኩል ይፈተናል፤ ዘርፍና ዩኒቨርሲቲ በቅደም ተከተል መርጦ ይመደባል። ለፈተናው ሌሊቱን የሚያነጋ ሐኪም ምርጫውን የሚሞላው ግን በመጨረሻው ቀን፣ ቡና እየጠጣ፣ "አንተስ ምን ሞላህ?" እያለ ነው። ጥፋቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ድልድሉ በውጤት ተራ ሲሠራ፣ ተራዎ ሲደርስ ሲስተሙ ዝርዝርዎን ከላይ ወደ ታች አይቶ መጀመሪያ ያገኘውን ክፍት ቦታ ይሰጥዎታል። ስለዚህ ራዲዮሎጂን አንደኛ አድርገው ቢያጡት ሁለተኛው ምርጫዎ አይጎዳም። "መቼም አይደርሰኝ" ብሎ የሚወዱትን ወደ ታች ማውረድ ራስን መበደል ነው። የአሜሪካው የሬዚደንቶች ድልድል (ማቺንግ) ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ የድልድል ሒሳብን ያጠኑት ሎይድ ሻፕሊና አልቪን ሮት በ2012 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመውበታል። እዚያም ለአመልካች የሚሰጠው ምክር ያው ነው፤ በልብዎ ያለውን ተራ ይጻፉ።

ስሌት የሚያስፈልገው ከዝርዝሩ ታች ነው። የምርጫው ቁጥር ሲወሰን፣ ሁሉንም መስመር ሰው በሚሻማባቸው ዘርፎች የሞላ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። "ለመሙላት ያህል" የተጻፈው የመጨረሻ መስመር ደግሞ አራት ዓመት የሚያድሩበት ዋርድ ሊሆን ይችላል። የማይሄዱበትን አይጻፉ።

ስፖንሰር ካለ ውሉን ፊርማ ሳያርፍበት ያንብቡ፤ ከምረቃ በኋላ የት፣ ስንት ዓመት እንደሚያገለግሉ የሚወስነው እሱ ነው። የዘንድሮውን ማስታወቂያም ራስዎ ያንብቡ እንጂ ያምናው ተፈታኝ በነገረዎት አይሂዱ።

ስለሚመርጡት ሆስፒታል ግን ሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት ይጠይቁ። በሳምንት ስንት ዱቲ አለ? ሲኒየር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲደወልለት ይመጣል? ስንት ቀዶ ሕክምና በእጅህ ሠራህ? ሰርቦ ወይም አካባቢው የሚሠሩ ከሆነ ቅጹን ከመሙላትዎ በፊት አንድ ቅዳሜ ጅማ ይውረዱ፤ አስፈቅደው አንድ ዱቲ አብረው ይደሩ።