የኢንሱሊን መውጊያው ብዕር ሲለወጥ ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

የስኳር በሽታ የያዘው ሰው ቆሽቱ ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን በበቂ መጠን ለማመንጨት ሲሳነው፣ ይህንኑ መድኃኒት ከውጭ በመርፌ መውሰድ ግድ ይሆንበታል። ኢንሱሊን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1921 ዓ.ም. በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ከተገኘ ወዲህ ለብዙ ዘመን ከብልቃጥ በስሪንጅ እየተቀዳ ሲወጋ ኖሯል። በ1985 ዓ.ም. ግን አንድ የዴንማርክ ኩባንያ መድኃኒቱንና መርፌውን በአንድነት የያዘ፣ በኪስ የሚያዝና የጽሕፈት ብዕር የሚመስል መሣሪያ አወጣ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ብዕሩ እየተሻሻለ ሄዷል፤ ከአዳዲሶቹም መካከል በመጨረሻ የተወጋው መጠን ስንት እንደ ነበረና ከዚያ ወዲህ ስንት ሰዓት እንዳለፈ የሚያሳዩ አሉ።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን መሣሪያው ሲለወጥ እጅ የቀድሞ ልማዱን እንደ ያዘ ይቀራልና ጉዳት የሚደርሰው በዚሁ ምክንያት ነው። ኢንሱሊን ቢያንስ የደም ስኳር ይጨምራል፤ ቢበዛ ደግሞ ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ሕመምተኛውን ራስን እስከ መሳት፣ አልፎም እስከ ሞት ያደርሰዋል። ስለዚህ አዲስ ብዕር የተቀበለ ሰው የሚከተሉትን ይጠንቀቅ።

አንደኛ፤ መጠኑን በዐይን ማንበብ እንጂ በድምፅ አለመቍጠር። ብዕሩ ሲዞር ጠቅ ጠቅ ስለሚል፣ ዐይናቸው የደከመ ሰዎች ድምፁን እየቈጠሩ ይለካሉ። በብዙዎቹ ብዕሮች አንድ ድምፅ አንድ ዩኒት ነው፤ ለሕፃናት እንዲያመቹ በተሠሩት አንዳንዶቹ ግን ግማሽ ዩኒት ብቻ ነው። በግማሹ ብዕር 12 ጊዜ አዙሮ 6 ዩኒት ይወስድ የነበረ ልጅ፣ በሌላው እንዲሁ ቢያደርግ 12 ዩኒት፣ ማለት የታዘዘለትን እጥፍ ይወስዳል። ማየት የተሳነው ሰው ቍጥሩን የሚያነብለት ረዳት ይፈልግ።

ሁለተኛ፤ የመድኃኒቱን ኀይል መመልከት። ብዙው ኢንሱሊን በ1 ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ይይዛል፤ 200 ወይም 300 የሚይዝም አለ። በብዕሩ መስኮት የሚታየው ቍጥር ራሱ ዩኒት ስለሆነ ማባዛትም ማካፈልም አያስፈልግም። ነገር ግን ብዕሩ ተበላሸ ብሎ መድኃኒቱን ከውስጡ በስሪንጅ መቅዳት ፈጽሞ አይገባም፤ 300 የሚይዘው ለ100 በተሠራ ስሪንጅ ቢቀዳ መጠኑ ሦስት እጥፍ ይሆናልና።

ሦስተኛ፤ በተወጉ ቍጥር አዲስ መርፌ መግጠም። ከመወጋት በፊት መርፌውን ወደ ላይ አቅንቶ 2 ዩኒት በማስወጣት ጠብታ መታየቱን ማረጋገጥ፤ ካልታየ መድገም ነው። ከተወጉም በኋላ ቍጥሩ ዜሮ ሲደርስ ወዲያው ሳይነቅሉ፣ መመሪያው እንደሚያዘው እስከ 6 ወይም እስከ 10 ቀስ ብሎ መቍጠር ይገባል።

አራተኛ፤ ብዕርን ለሌላ ሰው አለማዋስ። መርፌው ቢለወጥ እንኳ ደም ወደ መድኃኒቱ ሊመለስ ስለሚችል የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ሊተላለፍ ይችላል።

አምስተኛ፤ ያልተጀመረውን መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሆነ ማቀዝቀዣ ማስቀመጥ። በረዶ ሆኖ የነበረ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አያገለግልምና ይጣል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የደምን ስኳር ከወትሮው ይልቅ ደጋግሞ መለካት ይበጃል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረኃብ ወይም መደናገር ከታየ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም ሳይሰጡ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል።

ከብዕሩ ጋር የሚመጣው መመሪያ ብዙ ጊዜ በውጭ አገር ቋንቋ የተጻፈ ነው። ስለዚህ መምህራንና ማንበብ የሚችሉ ሁሉ ለጎረቤቶቻቸው ቢተረጕሙላቸው፣ ሕመምተኛውም የመጀመሪያውን መርፌ በሐኪም ወይም በነርስ ፊት ቢወጋ፣ ሊደርስ የሚችለው አደጋ አስቀድሞ ይወገዳል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።