ጎተራው ሞልቶ ሌማቱ ለምን ጎደለ?

በገበያ ቀን ማለዳ ከጎጃም ገጠር ቀበሌዎች ወደ ወረዳ ከተማ የሚወስደውን መንገድ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ማስተዋሉ አይቀርም። እናቶች ጭድ የተጎዘጎዘበት ቅርጫት ይዘው ይወርዳሉ፤ በጭዱ ውስጥ እንቁላል አለ። አንዷ ቅቤ ይዛለች፣ ሌላዋ ዶሮ አቅፋለች። ወጣቶች ከመስኖ ማሳ የነቀሉትን ካሮትና ቀይ ሥር በአህያ ጭነዋል። ከሰዓት በኋላ ያው መንገድ ሌላ ዕቃ ያስተናግዳል፤ ቅርጫቱ ጨው፣ ስኳር፣ ቡና፣ የሚረጋ ዘይት፣ ለልጅ ማባበያም አንድ ሁለት ብስኩት ይዞ ይመለሳል።

ገበሬው በዚህ ልውውጥ ተሞኘ ማለት አይደለም። ጨው ከማሳ አይታፈስም፤ የልጆች ደብተር የሚገዛውና የማዳበሪያ ዕዳ የሚቃለለውም ከዚሁ ገቢ ነው። ነገር ግን የዚያ ቤት ሕፃን ማታ ምን በላ ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ እንጀራ በሽሮ፣ ካልሆነም የእንጀራ ፍትፍት ነው። እንቁላሉን የበላው የከተማው ልጅ ነው።

የአማራ ክልል በጤፍና በበቆሎ ምርት ከአገሪቱ ግንባር ቀደሞች አንዱ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ግን ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ የክልሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። የአገሪቱ አማካይ በዚያው ጥናት 38 በመቶ ነበር፤ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛውን ቁጥር ያስመዘገበውም የአማራ ክልል ነው። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ዳሰሳ የክልሉ ቁጥር ወደ 41 በመቶ ዝቅ ብሏል። መሻሻል ነው፤ ሆኖም ከአሥር ሕፃናት አራቱ ማለት ነው። ትርፍ አምራች በሚባለው በምዕራብ ጎጃም የተካሄዱ ጥናቶችም መቀንጨር ድርቅ የሚያጠቃቸው አካባቢዎች ችግር ብቻ እንዳልሆነ ደጋግመው አመልክተዋል።

መቀንጨር ሕፃኑ ለዕድሜው የሚመጥን ቁመት ሳይኖረው ሲቀር ነው። «አባቱም አጭር ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። አካሉ ሲቀነጭር የአእምሮ ዕድገትም አብሮ ይጎዳል፤ በትምህርት ይደክማል፣ ሲያድግም የሥራ አቅሙ ይቀንሳል። ጉዳቱ የሚደርሰው በአብዛኛው ከፅንስ ጀምሮ ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ባሉት ሺህ ቀናት ውስጥ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ የተትረፈረፈ ምግብ የጎደለውን እምብዛም አይመልሰውም።

ብዙ ሰው ይህን የድህነት ጉዳይ አድርጎ ያየዋል። የ2008ቱ ጥናት የአገሪቱን ቤተሰቦች በሀብታቸው አምስት ቦታ ከፍሏቸዋል። ከድሆቹ መደብ 45 በመቶ የሚሆኑት ሕፃናት ቀንጭረዋል። ከሀብታሞቹ መደብስ? 26 በመቶ። ጎተራው በሞላበት ቤትም ከአራት ሕፃናት ከአንድ በላይ የሚሆነው ይቀነጭራል ማለት ነው። ተጨማሪ ኩንታል ብቻውን ይህን አይፈታውም።

ጉድለቱ ያለው በዓይነቱ ላይ ነው። በዚያው ጥናት፣ ከ6 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው የአገሪቱ ሕፃናት ከአራትና ከዚያ በላይ የምግብ ምድቦች የተመገቡት 14 በመቶ ብቻ ነበሩ። የምግቡ ዓይነትም ሆነ በቀን የሚመገቡበት ጊዜ የተሟላላቸው 7 በመቶ ናቸው። የቀሩት ሁሉ ተርበዋል ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ሆዳቸው ሞልቷል፤ የሞላው ግን በአንድ ዓይነት ምግብ ነው።

መፍትሔውን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከፊሉ እዚያው ማጀት ውስጥ አለ። በቆሎም ሆነ ጤፍ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሳቸዋል። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስርና አተር ደግሞ በዚሁ የበለጸጉ ናቸው። አንድ መቶ ግራም ደረቅ ጥራጥሬ 20 ግራም ገደማና ከዚያ በላይ ፕሮቲን ሲይዝ፣ የበቆሎው ከግማሹ አይዘልም። እንጀራ በሽሮ የሚለው የአያቶች ጥምረት እንግዲህ በሳይንስም የሚደገፍ ነው። ችግሩ ለሕፃኑ ሲሆን ሽሮው ይቀጥናል፣ እንጀራው ይበዛል። ለሕፃን ገንፎ የሚሆን ዱቄት ሲዘጋጅ ሦስት እጅ እህል ከአንድ እጅ ጥራጥሬ ጋር ቢፈጭ ጉድለቱ ይቃለላል። በየአካባቢው የባቄላው ማሳ ለባህር ዛፍ ሲለቀቅ፣ የሚቀንሰው የሰብል ዓይነት ብቻ ሳይሆን የዚህ ገንፎ ግማሽ ጉልበት መሆኑን ልብ ማለት ያሻል።

የገንፎው ውፍረትም የራሱ ጉዳይ አለው። የስምንት ወር ሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ ከአንድ ብርጭቆ ያልበለጠ ነው የሚይዘው። ያ ብርጭቆ በቀጭን አጥሚት ከሞላ ሕፃኑ የጠገበው ውኃ ነው። ምግቡ ማንኪያ ሲዘነበል የሚንቆረቆር ሳይሆን ማንኪያው ላይ የሚቆይ መሆን አለበት። ጥቂት ቅቤ ወይም ዘይት ሲጨመርበት ጉልበት ይሰጣል፤ ጎመን፣ ካሮትና ዱባ ውስጥ ያለው ለቫይታሚን ኤ የሚሆነው ንጥረ ነገር በሰውነት የሚዋሐደውም ቅባት ሲኖር ነው። ጎመን ታጥቦ ይከተፋል እንጂ ተከትፎ አይታጠብም፤ የተቀቀለበትን ውኃ መድፋትም ጥቅሙን አብሮ መድፋት ነው። አዮዲን ያለው ጨው በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር።

ቡናስ? ቡና የማይነካ ጉዳይ ነው የሚል አይጠፋም፤ ጊዜውን ማሸጋሸግ ግን ይቻላል። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ሲጠጡ በጥራጥሬና በእህል ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉ። ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናት ከበላች በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ብትቆይ ለደሟ ይበጃታል። ሎሚ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ደግሞ በተቃራኒው ብረቱ እንዲዋሐድ ያግዛሉ፤ ምስር ወጥ ላይ የሚጨመቅ ሎሚ ለጣዕም ብቻ አይደለም። ሊጥን ማቡካትና እህልን ማብቀልም ብረትና ዚንክን አስሮ የሚይዘውን ንጥረ ነገር ይቀንሳሉ፤ ለጠላ ብቅል ማብቀል የምታውቅ እናት ለሕፃን ገንፎ የሚሆን እህል ማብቀል አያቅታትም።

አሁን ወደ እንቁላሉ እንመለስ። በኢኳዶር የተካሄደ አንድ ጥናት ከ6 እስከ 9 ወር ዕድሜ ላይ ለነበሩ ሕፃናት ለስድስት ወራት በቀን አንድ እንቁላል ሰጥቶ፣ መቀንጨር በ47 በመቶ መቀነሱን አሳይቶ ነበር። ያው ሙከራ በማላዊ ሲደገም ግን በቁመት ላይ ያን ያህል ለውጥ አልታየም። የማላዊዎቹ ሕፃናት ቀድሞውኑ ዓሣ ይመገቡ ነበር። ስለዚህ እንቁላል መድኃኒት አይደለም፤ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ጨርሶ በማይቀምስ ሕፃን ሌማት ላይ ግን ትልቅ ክፍተት ይሞላል። የጎጃም ሕፃን አብዛኛው ወደዚህኛው ያመዝናል።

ስሌቱ ገበያን አይዘጋም። የሀበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች። የተሻሻለ ዝርያ በጥሩ አያያዝ ከ150 በላይ ይሰጣል። አምስት የተሻሻሉ ዶሮዎች ያሉት ቤት በዓመት 750 እንቁላል አገኘ እንበል፤ ለአንድ ሕፃን በቀን አንድ ቢቀመጥለት 365 ይሆናል፣ ለገበያ 385 ይተርፋል። ቁም ነገሩ የሚቀመጠው ከሽያጩ በፊት መሆኑ ላይ ነው። ከሽያጩ የተረፈ ለሕፃኑ ከተባለ የሚተርፍ የለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፣ ለዶሮ አርቢ ሁሉ። በኢትዮጵያ የገጠር ቤተሰቦች ላይ የተካሄደ ጥናት ዶሮ ማርባት ከሕፃናት የተሻለ ዕድገት ጋር የተያያዘ ሆኖ አግኝቶታል፤ ዶሮዎቹ ሰው በሚተኛበት ቤት ሲያድሩ ግን ውጤቱ ይገለበጣል። ሕፃኑ እየዳኸ ኩሱን ይነካል፣ እጁን ወደ አፉ ያስገባል፣ አንጀቱ ይታመማል፣ የበላውም አይዋሐደውም። ጫጩት ማከፋፈል ያለ ዶሮ ቤት ግማሽ ሥራ ነው።

ጾምም ሳይነሳ የማይታለፍ ነው። ጾመኛ ቤተሰብ የዓመቱን ግማሽ ያህል ከእንስሳት ተዋጽኦ ይርቃል። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ጾም አይመለከታቸውም። ሆኖም በብዙ ቤቶች ሕፃኑ ሳይታሰብ አብሮ ይጾማል፤ እናት ወተቱንና እንቁላሉን ስታበስል የጾሙ ዕቃ እንዳይነካባት ትሰጋለችና። ለሕፃኑ የተለየች አንዲት ድስትና ማንኪያ መያዝ ይህን ይፈታዋል። የነፍስ አባት ቃል እዚህ ላይ ከባለሙያ ምክር የበለጠ ይሰማልና፣ የቀበሌ ኮሚቴ ካህናቱን ቢጋብዝ ያተርፋል።

ጉዳዩ የሕፃናት ብቻም አይደለም። ከ1992 እስከ 2008 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በአገሪቱ ከሲታ የሆኑ ሴቶች ቁጥር ከ30 ወደ 22 በመቶ ሲወርድ፣ ከልክ ያለፈ ክብደት ያላቸው ደግሞ ከ3 ወደ 8 በመቶ ከፍ ብለዋል። በልጅነቱ የቀነጨረ ሰው ሲያድግ ከወፈረ ለስኳርና ለደም ግፊት ሕመም የበለጠ ይጋለጣል። ቀኑን በስብሰባ የሚያሳልፈው የወረዳ ባለሙያ ይህ ይመለከተዋል፤ ሞፈር የማይጨብጥ ሰው የአራሽ ያህል መብላቱን ከቀጠለ ትርፉ በወገቡ ላይ ይከማቻል። በስብሰባ መካከል የሚቀርበው አንድ የለስላሳ ጠርሙስ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ይይዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 እንዲያንስ ይመክራል። ጨው ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ማነስ አለበት። በለስላሳው ፋንታ ንፍሮ ወይም ሙዝ ማቅረብ ለበጀቱም ይቀላል።

መንግሥት የወረቀት ሥራውን ሠርቷል ማለት ይቻላል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር በአውሮፓውያኑ 2030 ለማስቀረት ግብ ጥሎ፣ ሥራውን የጀመረው በተከዜ ተፋሰስ ወረዳዎች ነው። የምግብና የሥርዓተ ምግብ ፖሊሲ በ2011፣ አገራዊው የአመጋገብ መመሪያ በ2014 ዓ.ም. ወጥተዋል። በ2015 የተጀመረው የሌማት ትሩፋትም ወተት፣ እንቁላል፣ የዶሮ ሥጋና ማር ላይ ያተኩራል። የመርሐ ግብሩ ስም ሌማት ይላል፤ በግምገማ መድረክ ላይ በብዛት የሚሰማው ግን የተሠራጨ ጫጩት፣ የተመረተ ሊትርና የተሸጠ ኩንታል ነው። ሌማቱ ላይ የደረሰው ስንቱ እንደሆነ የሚጠይቅ አመራር ብዙ አይደለም።

ይህን ለመጠየቅ አዲስ መዋቅር አያስፈልግም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በአንድ ቀበሌ ይሠራሉ፤ አንዱ ማሳውን፣ ሌላዋ ማጀቱን ታያለች። ሁለቱ በወር አንድ ጊዜ አብረው ቢዞሩና ትናንት ሕፃኑ ምን ምን በላ ብለው ቢመዘግቡ ወረዳው በእጁ ላይ የሌለ መረጃ ያገኛል። ሥልጠናውም ለእናቶች ብቻ መሰጠቱ ይቅር። እንቁላሉን የምትሸጠው እናት ብትሆንም የምን ዘር ይገዛ፣ የቱ ማሳ ምን ይዘራበት የሚለውን በብዙ ቤት የሚወስነው አባት ነው። የጓሮ አትክልት ውኃ የመቅዳቱ ሸክምም በእሷ ጫንቃ ላይ ብቻ ከወደቀ ጓሮው ከአንድ በጋ አያልፍም።

በጥቅምት የመስኖ ዕቅድ ሲያዝ፣ ከሽንኩርቱና ከስንዴው ጎን ለጓሮ የሚሆን የጎመንና የካሮት ዘር መጠየቅ ይቻላል። ቦታው አንድ መቶ ካሬ ሜትር ባይሞላም ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል፤ ሳሙና ያልገባበት የዕቃ እጣቢም ያጠጣዋል። ካሮቱ በሦስት ወር ገደማ ይደርሳል፤ ጎመኑ ቅጠል በቅጠል ከተለቀመ ለወራት ይበላል።